የበረዶ ገና

አማርኛችን በበረዶ ላይ ስስታም ነው። ከሰማይ ተወርውሮ ቆርቆሮ የሚደበድበውም በረዶ ነው፤ በፈረንጅ አገር እንደ ተባዘተ ጥጥ ቀስ ብሎ የሚወርደውም በረዶ ነው፤ ውሃ በማቀዝቀዣ ውስጥ ረግቶ ድንጋይ ሲሆንም ያው በረዶ ነው። ለሦስት ነገር አንድ ስም! በቦንጋ ተወልዶ ላደገ ሰው ግን ይህ ብዙም አያስቸግረውም፤ ከሦስቱ አሳምሮ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ነውና። እሱም ቢሆን እንግዳ ነው። ግቢውን ለጥቂት ደቂቃ አንጥቶ፣ የእንሰቱን ቅጠል ተልትሎ፣ ልጆች የለቀሙት አፋቸው ውስጥ ሟሙቶ ሳያልቅ ዝናቡ አጥቦት ይሄዳል። በበረዶ ላይ መቆም፣ በበረዶ ላይ መሮጥ፣ ይባስ ብሎም ዱላ ይዞ መጫወት፣ መቼም ለካፋ ልጅ ከተረት የሚቆጠር ነው።

ታዲያ በቅርቡ አንድ ምሽት በተማሪዎች ክበብ ከቴሌቪዥኑ ፊት ተሰብስበን ሳለ ይኸው ተረት ብቅ አለ። እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቅ ነጭ በረዶ፤ በላዩ ላይ የራስ ቁር የደፉ፣ ጫማቸው ሥር ስለት የተገጠመላቸው ልጃገረዶች ጫፉ የታጠፈ ዱላ ይዘው ይንሸራተታሉ። አንዱ "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" ሲል፣ ከወደ ጥግ የተቀመጠው ጓደኛችን ሳያመነታ "ገና ነዋ! የበረዶ ገና!" አለ። ክበቡ በሳቅ ተናጋ። ዳሩ ግን መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጁ ሰዎች በቦታው ቢኖሩ ከዚህ የተሻለ ትርጉም የሚያገኙለት አይመስለኝም።

ሁለተኛው ሳቅ የመጣው ጋዜጠኛው ውድድሩ የሴቶች ዓለም ሻምፒዮና የታችኛው ምድብ መሆኑን ሲናገር ነው። "እንዴ! የዓለም ሻምፒዮና ሆኖ ደግሞ የታችኛው ምድብ? ታች ከሆኑ ሻምፒዮንነቱ ምኑ ላይ ነው?" ጥያቄው ለቀልድ የቀረበ ነበር። እኔ ግን ይዤው ወደ መኝታ ክፍሌ ሄድኩ። ይህችን ጽሑፍ የወለዳት እሱ ነው።

አስቀድሞ ስለ ዝምድናው። ገና ስንል ቆልማማ ዱላና ከእንጨት ወይም ከቆዳ የተሠራች ሩር ማለታችን ነው። ሁለት ወገን ይሆናል፤ የተጫዋቹ ቁጥር በሜዳው ስፋትና በመንደሩ ጎረምሳ ብዛት ይወሰናል፤ ሰዓቱን የምትጠብቀው ፀሐይ ናት። የዚያን ዕለት ጌታና ሎሌ ሳይባባሉ እኩል ይጋፋሉ፤ የተመታ አይከስም፣ የመታም አይጠየቅም። በቦንጋማ ሌላም ጣጣ አለ። ከተማይቱ ኮረብታ ተደግፋ የተሠራች ናትና ለጥ ያለ ሜዳ ውድ ነው፤ አንዴ ቁልቁል የተለጋች ሩር ፍለጋ ግማሹ ቡድን ጫካ ይገባል። የሆነ ሆኖ እኩልነቱ ልክ አለው። ጌታና ሎሌን አንድ ያደረገው ጨዋታ ወንድምና እህትን አንድ አላደረገም። ወንድም ዱላውን ይዞ ሲወጣ እህት ዳር ቆማ ታያለች፤ ወይም ቤት ቀርታ ዶሮ ትበልታለች።

የበረዶው ገና ከኛው ይልቅ ሥርዓት የበዛበት ነው። ከየወገኑ 6 ሰው ይሰለፋል፤ አንዷ በረኛ ናት። ሜዳው 60 ሜትር ያህል ይረዝማል። ጨዋታው ሃያ ሃያ ደቂቃ ሆኖ በሦስት ይከፈላል። ሩሯ ድቡልቡል ሳትሆን ከጠንካራ ጎማ የተሠራች ጠፍጣፋ ክብ ናት፤ ክብደቷ ከ170 ግራም አይበልጥም፤ "ፓክ" ይሏታል። ሩጫው ትንፋሽ ስለሚጨርስ አንዲት ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳትሞላ ወጥታ ሌላዋ ትተካታለች፤ እንዲህ እየተፈራረቁ ነው የሚዘልቁት። የሴቶቹ ዓለም ሻምፒዮና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990 በካናዳ ዋና ከተማ በኦታዋ ሲሆን፣ ጨዋታው ወደ ኦሎምፒክ የገባው እ.ኤ.አ. በ1998 በጃፓን፣ ናጋኖ ላይ ነው። ከ1990 ጀምሮ እስከ 2025 ድረስ የዓለም ሻምፒዮናው ዋንጫ ከካናዳና ከአሜሪካ እጅ ወጥቶ አያውቅም።

ለመሆኑ ዋንጫው ከሁለት አገር እጅ የማይወጣ ከሆነ የቀረው ዓለም ምን ያደክመዋል? መልሱ ያለው እዚያው በተሳቀበት ታችኛው ምድብ ውስጥ ነው። ከላይኛው ምድብ በታች አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ዲቪዚዮን የሚባሉ እርከኖች አሉ፤ እነዚህም "ኤ" እና "ቢ" እየተባሉ ይከፈላሉ። በአንድ ምድብ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ወይም ስድስት አገሮች ይሆኑና በአንድ ከተማ ተሰባስበው በሳምንት ጊዜ ውስጥ ሁሉም ከሁሉም ጋር ይጋጠማል። አንደኛ የሆነ ወደ ላይ ይወጣል፤ መጨረሻ የሆነ ወደ ታች ይወርዳል፤ ለከርሞውም በወረደበት ቦታ ቀጠሮ ይጠብቀዋል። የነጥቡ አሰጣጥ ደግሞ እኔን ከሁሉ በላይ ነው ያስገረመኝ። በመደበኛው ሰዓት ያሸነፈ 3 ነጥብ ያገኛል፤ በተጨማሪ ሰዓት ወይም በመለያ ምት ያሸነፈ 2፤ እስከዚያ ድረስ ታግሎ የተሸነፈ ደግሞ 1። ተሸንፎ ነጥብ! እስከ መጨረሻው የቆመ ሰው ቢወድቅም ባዶ እጁን አይሄድም ማለት ነው።

በእነዚህ እርከኖች ላይ የሚሰለፉት ሁሉ የበረዶ አገር ልጆች እንዳይመስሏችሁ። የደቡብ አፍሪካ ሴቶች በሁለተኛ ዲቪዚዮን ተጫውተዋል፤ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2023 የዚሁ ዲቪዚዮን የ"ቢ" ምድብ ውድድር የተካሄደውም በኬፕታውን ነበር። ጎረቤታችን ኬንያም ብትሆን እ.ኤ.አ. በ2005 ናይሮቢ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ የበረዶ ሜዳ ተከፍቶላት ልጆቿ እዚያ ሲለማመዱ ቆይተው፣ በ2024 የዓለም አቀፉ የበረዶ ሆኪ ፌዴሬሽን ተባባሪ አባል ሆናለች። ካርታ ብትዘረጉ ናይሮቢ ከቦንጋ ይልቅ ለምድር ወገብ የቀረበች ናት። እንግዲህ ነገሩ የአየር ጠባይ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ቦንጋ ልመለስ። የአክስቴ ልጅ አሥረኛ ክፍል ናት፤ እግር ኳስ ትጫወታለች። ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ጋር ቡድን አቋቁመው ሦስት ወር ሙሉ ልምምድ ሠሩ። ልምምዱ ቅዳሜ ጠዋት ነበርና ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ ውሃ ቀድታ፣ ቤት ጠርጋ፣ ቡና አፍልታ ነበር የምትወጣው። አባቷ እሺ ያሉት በስንት ምልጃ ነው፤ እናቷ ለምነው፣ ጎረቤት ገብቶበት፣ በመጨረሻ "ውድድሩ እስኪያልፍ ብቻ" ተብሎ። የውድድሩ ቀን ደረሰ። ተጫወቱ፤ አምስት ለባዶ ተሸነፉ። ውድድሩ ጥሎ ማለፍ ነበርና በዚያው አበቃ። ማልያው እዚያው ሜዳ ላይ ተሰብስቦ፣ ተቆጥሮ፣ ሣጥን ውስጥ ገብቶ ተቆለፈበት። የሦስት ወር ልፋት በአንድ ከሰዓት በኋላ አለቀ። አዘጋጆቹ በዓመታዊ ዘገባቸው "የሴቶች እግር ኳስ ውድድር ተካሂዷል" ብለው ሳይጽፉ አልቀሩም፤ ውሸትም የለበትም።

በስልክ ላጽናናት ብሞክር የከፋት በሌላ ነገር ነው። "ወንድም ጋሼ፣ አምስት ለባዶ እኮ ምንም አይደለም። ሦስቱ የገቡብን ገና ሳንሟሟቅ በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ነው። በኋላማ ለምደናቸው ነበር።" ጥቂት ዝም አለችና፣ "አሁን ለሚቀጥለው ቅዳሜ ምን ብዬ ነው የማስፈቅደው?" አለችኝ።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ወንድ ልጅ ኳስ ሊጫወት ሲወጣ የት ነበርክ የሚባለው ከመሸ ሲገባ ነው፤ ሴት ልጅ ግን የት ልትሄጂ ነው የምትባለው ገና ከደጅ ሳትወጣ ነው። የወንድ ልጅ ቅዳሜ የራሱ ነው፤ የሴት ልጅ ቅዳሜ የቤቱ ነው። ከቤቱ ላይ አንዲት ቅዳሜ ቆርሳ ለመውሰድ ማስረጃ ያስፈልጋታል፤ ማስረጃዋም በወረቀት የተጻፈ የጨዋታ መርሐ ግብር ነው። አምስት ጨዋታ የሚል ወረቀት ለአምስት ቅዳሜ ይለፍ ነው። አንድ ጨዋታ የሚል ወረቀት ግን የይለፉንም ማብቂያ አብሮ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ጥሎ ማለፍ ለወንዶቹ የውድድር ስልት ሊሆን ይችላል፤ ለእሷ ግን ወደ ማጀት መመለሻ ደወል ነው።

እኛ አገር የስፖርት ነገር ሲነሣ ዓይናችን ወርቅ ላይ ነው። አይፈረድብንም። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ካሸነፈች ወዲህ የሴት ሩጫ ሲባል ወርቅ መጠበቅ ለምደናል። ዳሩ ግን ወርቅ የጫፍ ነገር ነው። ከሥሩ ብዙ ሰው ተሸንፎ፣ ተመልሶ፣ እንደገና ተሸንፎ የሚቆይበት ሰፊ ሜዳ ከሌለ ጫፉ የሚቆምበት አያገኝም። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ ኢትዮጵያን በክረምት ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ወክሎ በበረዶ ላይ 15 ኪሎ ሜትር ሲንሸራተት የገባው ከኋለኞቹ ተርታ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ በቫንኩቨርም ተመልሶ ተሰለፈ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሴቶች ቡድንም እ.ኤ.አ. በ2021 በምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ የሻምፒዮኖች ሊግ ማጣሪያ ለፍጻሜ ደርሶ ተሸነፈ፤ በ2023 ደግሞ ለፍጻሜ ደርሶ ተሸነፈ፤ በ2024 አዲስ አበባ ላይ አሸንፎ ወደ ሞሮኮ አለፈ። ሞሮኮ ላይ ከምድቡ አላለፈም፤ ይሁን፤ እዚያ የደረሰው ግን ሁለት ጊዜ ከተሸነፈ በኋላ ሦስተኛ ዕድል ስለነበረው ነው። ሎዛ አበራም ከዱራሜ ተነሥታ የደረሰችበት የማልታ ሊግ በአውሮፓ ከትንንሾቹ የሚቆጠር ነው። በቢርኪርካራ ማልያ በ2019/20 የውድድር ዘመን 30 ግብ አግብታ የሊጉ ከፍተኛ ግብ አግቢ ስትሆን፣ "ትንሽ ሊግ ነው" ያለ ሰው አልሰማሁም።

ይህ ለካፋ ሰው አዲስ ትምህርት ሊሆን አይገባውም ነበር። ቡና ተተክሎ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት ይፈጃል። በትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። በመጀመሪያው ዓመት አላፈራህም ብሎ ችግኙን የሚነቅል ገበሬ ቦንጋ ውስጥ ቢገኝ ሽማግሌ ይላክበታል። ልጆቻችንን ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ እንነቅላለን።

"ገንዘብ የለም" የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 8 ቡድን በጥሎ ማለፍ ቢጫወት 7 ጨዋታ ይበቃል፤ 4ቱ ግን አንዴ ብቻ ተጫውተው ይሰናበታሉ። እነዚሁ 8 ቡድኖች ለሁለት ምድብ ተከፍለው በየምድቡ ሁሉም ከሁሉም ቢጋጠም 12 ጨዋታ ይሆናል፤ የምድቦቹ አንደኞች ለዋንጫ ሲገናኙ 13። ምንም ያልቀናው ቡድን እንኳ 3 ጊዜ ይጫወታል። ልዩነቱ እንግዲህ 6 ጨዋታ ነው። ስድስት ጨዋታ ስታዲየም አያሠራም፤ በረዶም አያስረግጥም። ኳሱ ያው ኳስ፣ ማልያው ያው ማልያ፣ ፊሽካውም ያው ፊሽካ ነው። የሚጨመረው የዳኛው ድካምና የአዘጋጆቹ ሐሳብ ነው። በግቢያችን የስፖርት ኮሚቴ ውስጥ ያላችሁ ሁሉ፣ የመጪውን የሴቶች ውድድር ዕጣ ከማውጣታችሁ በፊት ይህችን ሒሳብ በኪሳችሁ ያዙልኝ።

ለሳቁ ጓደኞቼም አንድ ነገር ልበል። ይህች ተባዝታ ከእጅ ወደ እጅ የምትዞረው መጽሔታችን ራሷ ምንድን ናት? ታችኛው ምድብ አይደለችምን? እዚህ ላይ የወጣ ግጥም ሁሉ ለሽልማት አይደርስም። ዘንድሮ ቤቱ የተሰበረበት ገጣሚ ከርሞ ቤት መምታት የሚማረው ግን እዚሁ ተሰብሮ፣ እዚሁ ተነቦ፣ እዚሁ ተተችቶ ነው። በመጀመሪያው ጽሑፋችን ጥሎ ማለፍ ቢፈረድብን ኖሮ ስንቶቻችን ዛሬ ብዕር እናነሣ ነበር?

አማርኛችን በበረዶ ቢሰስትም በገና ግን ለግሷል። ገና የበዓሉ ስም ነው፤ ገና የጨዋታው ስም ነው፤ ገና ደግሞ "አልደረሰም" ማለት ነው። አንዲትን ልጅ "ገና ነሽ" ማለት በሁለት መንገድ ይቻላል። በሩን ዘግቶ ማለት ይቻላል፤ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ቀጠሮ ሰጥቶም ማለት ይቻላል።