እናጨብጭብለት ወይስ እንቀመጥ?

ባለፈው ቅዳሜ አንዳችን ቤት ተሰብስበን የኤሊያ ካዛንን ‹‹ኦን ዘ ዋተርፍሮንት›› አየንና እስከ እኩለ ሌሊት ተጨቃጨቅን። (ስድስት ሰው፣ አንድ ላፕቶፕ። ከኋላ የነበረው ከማርሎን ብራንዶ ያየው ጆሮውን ብቻ ነው።) ፊልሙን ወደነዋል። ጭቅጭቁ የመጣው በሰውዬው ነው።

ካዛን በ1909 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ያኔ ቁስጥንጥንያ በምትባለው ኢስታንቡል ከግሪክ ቤተሰብ ተወለደ፤ በልጅነቱ አሜሪካ ገባ። በ1932 ኒውዮርክ ውስጥ ‹‹ግሩፕ ቲያትር›› የተባለውን ቡድን ተቀላቀለ። በ1935 ክሊፎርድ ኦዴትስ በጻፈው ‹‹ዌይቲንግ ፎር ሌፍቲ›› የታክሲ ሾፌር ሆኖ ተጫወተ። ተውኔቱ ሲያልቅ ተዋናዩም ተመልካቹም ‹‹አድማ! አድማ!›› እያለ ይጮህ ነበር። በዚያው ሰሞን ካዛን ኮሚኒስት ፓርቲ ገብቶ፣ ብዙም ሳይቆይ ወጥቷል።

ከዚያ ትወናውን ትቶ አዘጋጅ ሆነ፤ ሆሊውድም ወሰደችው። መድረክ ላይ ስለኖረ ነው መሰለን ተዋናይ እንዴት እንደሚለቀቅ ያውቅበታል። ታክሲ ውስጥ ያለችውን ትዕይንት ተመልከቱ። ታላቅ ወንድሙ ሽጉጥ ሲመዝበት ብራንዶ አይጮህም፣ አይታገልም። ሽጉጡን በእጁ ቀስ አድርጎ ገፋ ያደርገዋል፤ አዝኖለት። እዚያች ላይ ስድስታችንም ዝም አልን።

አሁን ወደ 1952። የአሜሪካ ምክር ቤት ‹‹ፀረ-አሜሪካ›› እንቅስቃሴ መርማሪ ኮሚቴ ኮሚኒስት የነበሩ ጓደኞችህን ጥራ አለው። ጥር ላይ እምቢ አለ። ሚያዝያ ላይ ተመልሶ የስምንት የግሩፕ ቲያትር ባልደረቦቹን ስም ሰጠ። አንዱ ኦዴትስ ነው፤ ያን ተውኔት የጻፈው! (ኦዴትስም ብዙ ሳይቆይ ቀርቦ የሌሎችን ስም ጠርቷል።)

‹‹እምቢ ቢል ሆሊውድ እንጀራውን ትዘጋበት ነበር›› አለ አንዳችን። እውነት ነው። ግን ብሮድዌይ ነበረለት፤ በ1949 የአርተር ሚለርን ‹‹የሻጩ ሞት›› መድረክ ላይ ያወጣ ሰው በረሃብ አይሞትም። ሚለር ራሱ በ1956 እዚያው ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ስም አልሰጥም ብሏል።

ይባስ ብሎ ‹‹ዋተርፍሮንት›› (1954፤ ስምንት ኦስካር) ጀግናው መስካሪ ነው። የወደብ ሠራተኛው ነፍሰ ገዳይ አለቆቹን ያጋልጣል። ይሄና ‹‹እገሌ ከ16 ዓመት በፊት ስብሰባ ገብቶ ነበር›› ብሎ ጓደኛን መጥራት አንድ ነው እንዴ? አብዛኞቻችን በፍጹም አልን። ያ ጆሮ ጠቢነት ነው።

ከፊልሙ በኋላ የ1999ኙን ኦስካር ከፈትን። ካዛን በ89 ዓመቱ የክብር ሽልማት ሊቀበል ወጣ። ሜሪል ስትሪፕ ተነስታ አጨበጨበች። ኤድ ሃሪስና ኒክ ኖልቲ ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ ሳያጨበጭቡ ዝም ብለው አዩት። ስፒልበርግ ደግሞ እንደተቀመጠ አጨበጨበ።

እኛ ቤት አንዱ ተነሳ፣ ሁለቱ እጃቸውን አጣጠፉ፣ ሦስታችን እንደ ስፒልበርግ ሆንን። ከዚያ የታክሲዋን ትዕይንት ደግመን ከፈትናት። ከኋላ የነበረው በዚህኛው ዙር ፊት ተቀመጠ።