በአሰንዳቦ ስለ ዓርብ ምሳ

ዋጋ ከፍሎ ከሰው ቤት መብላት ባገራችን የቆየ ልማድ አይደለም። መንገደኛ ሲመሽበት የእግዜር እንግዳ ነኝ ብሎ ይገባ ነበር፤ ባለቤቱም ያለውን ያቀርብለት ነበር እንጂ ሒሳብ አይጠይቀውም። እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓመተ ምሕረት ግድም በአዲስ አበባ ሆቴላቸውን ሲከፍቱ ነገሩ ለብዙ ሰው እንግዳ ሆኖ ነበር። ዛሬ ግን ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በአሰንዳቦ ከተማችን እንኳ ምግብ ቤት የሌለበት ሰፈር የለም።

ከነዚህም አንዱ ከመሥሪያ ቤቴ ብዙ የማይርቅ ሲሆን፣ አገልግሎቱ ቡፌ የሚሉት ዓይነት ነው። ይኸውም ምግቡ በረጅም ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ ይቈያል፤ ተመጋቢውም ሳሕኑን ይዞ እየዞረ የወደደውን በገዛ እጁ ያነሣል፤ ዋጋው ለሁሉም አንድ ነው። በቀድሞው ግብር ሰው የሚቀመጠው በየማዕረጉ ነበር፤ በዚህ ቤት ግን ዳኛውም፣ ተከራካሪውም፣ የጭነት መኪና ነጂውም የሚቆሙት በመጡበት ተራ ነው። ይሉኝታ የያዘው ሰው ጥቂት አንሥቶ ሳይጠግብ ይወጣል፤ ይሉኝታ የሌለው ደግሞ ሳሕኑን እንደ ተራራ ይከምራል። ሁለቱንም በየቀኑ አያለሁ።

ነገር ግን ይህን የምጽፈው ስለ ሳሕኑ ብዛት አይደለም። በጅማ አገር ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ሰፈር ተዋሕዶ ይኖራል፤ በለቅሶ አብሮ ይቀመጣል፤ ቡና አብሮ ይጠጣል። በሥጋ ጊዜ ግን ይለያያል። የአንዱ ከብት በስመ ሥላሴ ተባርኮ፣ የሌላው በቢስሚላሂ ተባርኮ ይታረዳልና አንዱ የሌላውን አይበላም። ስለዚህ ሠርግ ያለበት ሰው ሁለት በሬ አርዶ፣ ሁለት ወጥ ቤት አቁሞ፣ በሁለት ዳስ ያበላል። ይህን የሠሩት አባቶች ናቸውና ይፍረስ የምል ሰው አይደለሁም፤ በቤተ ክህነት ያደግሁ ነኝ። ሥጋ ያልነካው ምግብ እንኳ ድስቱ ምን ተሠርቶበት እንደ ነበረ ስለማይታወቅ ያጠራጥራል።

የዚህች ቤት ባለቤት ግን ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም 55ቱን ቀን ሁሉ፣ የጾም ምግብ ብቻ ታቀርባለች። ለዚሁም ሥጋና ቅቤ ፈጽሞ ያልገባባቸው የተለዩ ድስቶች አሏት፤ ጭልፋዎቹም ከሌላው ጋር አይቀላቀሉም፤ መጠጥም አትሸጥም። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑ፣ ድንቹ፣ ሰላጣው በየሳሕኑ ይቀመጣል። ዓሣም ባራኪ የማይፈልግ ስለ ሆነ ለሁለቱም ወገን ይሆን ነበር፤ ነገር ግን በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ገና ስላላለቀ፣ ሴትዮዋ በብልሃት ትታዋለች። በረመዳን ብቻ ቀን ቀን ወንበሩ ይጎድላል።

ባንድ ዓርብ ቀን፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ጎረቤቴ ሐጂ ወደዚህ ቤት ገቡ። አሥራ ስምንት ዓመት በአንድ አጥር ተዋስነናል፤ ሁለት ልጆቼን ስድር በሙስሊሞቹ ዳስ ተቀምጠው መርቀውልኛል፤ ከአንድ ገበታ ግን በልተን አናውቅም ነበር። ሳሕናቸውን ይዘው ጥቂት ቆመው ጠረጴዛውን ተመለከቱ፤ ሴትዮዋንም ስለ ድስቱ ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። ከዚያ በኋላ መጥተው ከፊት ለፊቴ ተቀመጡና «እንግዲህ ቢስሚላሂ» አሉ። እኔም በስመ አብ ብዬ አማተብሁ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ያጎረሱኝ እርሳቸው ናቸው።

ሐጂ ገበሬ ስለ ሆኑ፣ እየበላን «ይህ ሁሉ ከጓሮዬ የሚበቅል ነው» ብለው በቆሎውን ቂጣ፣ ቃሪያውን፣ ቲማቲሙን፣ አቮካዶውን በጣታቸው ቆጠሩልኝ። እኔም ካነበብሁት ነገርኋቸው። በቆሎን ከዱር ሣር መርጠው ከ9,000 ዓመት ገደማ በፊት ያለመዱት የሜክሲኮ ሰዎች ናቸው፤ በርበሬያችንም፣ ቃሪያውም፣ አቮካዶውም ዘራቸው ከዚያው ወገን ነው። ወደ እኛ መድረስ የቻሉት ኮሎምቦስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1492 ዓመተ ምሕረት ወደ አሜሪካ ከተሻገረ በኋላ ነው። በቆሎን አንዳንድ ሰው የባሕር ማሽላ የሚለው ስለዚሁ ይመስለኛል። የሜክሲኮ ሴቶች በቆሎውን በኖራ ውሃ ቀቅለው ይፈጩታል፤ እንደ ቂጣ አሳስተውም እንደ እኛ ምጣድ ባለ ሸክላ ላይ ይጋግሩታል፤ ወጡንም እንደ እንጀራ በርሱ ጠቅልለው ያለ ማንኪያ ይበላሉ።

ደግሞም ጣልያን በ1928 ዓመተ ምሕረት አገራችንን የግዛቴ ክፍል ናት ባለ ጊዜ ይህን ካልተቀበሉት ጥቂት መንግሥታት አንዱ ሜክሲኮ መሆኑን ጨመርሁላቸው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1946 ዓመተ ምሕረት ያን አገር ጐብኝተዋል። በአዲስ አበባ የሜክሲኮ አደባባይ እንዳለ ሁሉ፣ በሜክሲኮ ከተማም በ1972 ዓመተ ምሕረት የተከፈተ ኢትዮጵያ የሚባል የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አለ።

ሐጂ ይህን ሁሉ በጸጥታ ሰምተው «ቡናስ አላቸው?» ብለው ጠየቁኝ። በተራሮቻቸው ላይ ብዙ እንደሚያበቅሉ፣ የቡናም መነሻው የኛው ምድር መሆኑን ነገርኋቸው። «እንግዲያው ዕዳ የለብንም» አሉና ሌላ ቃሪያ አነሡ።

ባለቤቴ መጀመሪያ ይህን ስነግራት «ሽሮ በቤትህ ሞልቶ ለሽሮ ትከፍላለህ?» ብላ ነበር። የድስቱን ነገር ስትሰማ ግን ዝም አለች። በማግሥቱ ቅዳሜ ገበያ ወርዳ አዲስ የሸክላ ድስትና አዲስ ጭልፋ ገዛች፤ ቅቤ እንዳይነካቸውም ለብቻቸው ከመደርደሪያው ላይ ሰቀለቻቸው። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ አንድ ሳሕን ሽሮ ወደ ሐጂ ቤት ይሄዳል። ሳሕኑም ባዶውን ተመልሶ አያውቅም፤ አንድ ጊዜ እሸት በቆሎ፣ አንድ ጊዜ አቮካዶ፣ ባለፈው ሳምንት ደግሞ የታሸ ቀይ ቡና መጥቶበታል።