ራእይ በወረርሽኝ ዘመን

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ኮሮና አገራችን መግባቱ ሲነገር፣ በዮሐንስ ራእይ ስላለው ሐመር ፈረስ ሳይጠየቅ የቀረ መምህር የነበረ አይመስለኝም። ክትባቱ ሲመጣ ጥያቄው ወደ አውሬው ቁጥር፣ ወደ 666 ዞረ። ጠያቂው አይፈረድበትም፤ ሰው ሲፈራ መጽሐፍ ይገልጣል፣ መግለጡም ደግ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ የመላሹ ጥድፊያ ነው። ዮሐንስ ራእዩን የላከው መጀመሪያ በእስያ ለነበሩ ሰባት አብያተ ክርስቲያናት ነበርና፣ ከእነርሱ ነጥቆ ለዛሬ ዜና ብቻ ማልበስ ግፍ ይመስለኛል።

ላልተጣደፈ መላሽ ምሳሌ እንዲሆነን እስቲ የእስክንድርያውን ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ ዲዮናስዮስን እናንሳ። በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረ አባት ነው። በግብፅ ፋዩም አካባቢ ምእመናን በራእይ የተጻፈውን የሺህ ዓመት መንግሥት ቃል በቃል ይዘው ሲከፋፈሉ ወደ እነርሱ ወረደ። ሦስት ቀን ሙሉ፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣ አብሯቸው ተቀምጦ መረመረ። አልተቆጣም፤ ጥያቄያቸውን በትዕግሥት ሰማ፤ በኋላም ለእነርሱ ያለውን አድናቆት ሳይደብቅ ጻፈ። ራእዩን ግን አልጣለም፤ ምሥጢሩ ከእኔ አእምሮ በላይ ነው ብሎ አከበረው እንጂ። ይህ ትሕትና ዛሬ ምንኛ ያስፈልገናል!

ይኸው አባት ከተማውን ወረርሽኝ ሲመታም ለበዓለ ትንሣኤ ደብዳቤ ጽፏል። የዓለምን ፍጻሜ ቀን ሲቆጥር አናገኘውም። የጻፈው ድውያንን ሲያስታምሙ፣ ሬሳ ሲያጥቡና ሲገንዙ በበሽታው ተይዘው ስላለፉ ቀሳውስት፣ ዲያቆናትና ምእመናን ነው፤ ሞታቸውንም ከሰማዕትነት አላሳነሰውም።