ኬብሉ አልነበረም

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው። ግማሹ የኮምፒውተር ጉዳይ ነው፤ ግማሹ ይቅርታ ነው። የኮምፒውተሩ ነገር የማይመለከታችሁም ታገሱኝ፣ በቀላሉ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት የትምህርት ቤታችንን ኮምፒውተር ላብ የምይዘው እኔ ነኝ። በአራት ረድፍ 36 ኮምፒውተር አለን። ድሮ ፍላሽ ይዤ አንድ በአንድ ነበር የምጭነው፤ የሳምንት ሥራ ነበር። ካቻምና ግን አንዱን አሮጌ ኮምፒውተር ሰርቨር አደረግኩትና ሌሎቹ በኔትወርክ ተነስተው ኡቡንቱን ራሳቸው እንዲጭኑ አዘጋጀሁ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ኮምፒውተሩ ሲበራ በኔትወርክ ኬብሉ በኩል «አድራሻ የሚሰጠኝ አለ?» ብሎ ይጣራል። ሰርቨሩ ላይ ያለው ዲኤችሲፒ የሚባል አገልግሎት አድራሻ ይሰጠዋል፣ የሚነሳበት ፋይል የት እንዳለም ይነግረዋል። ፋይሉን በቲኤፍቲፒ ይወስዳል፣ ጫኚው ይነሳል፣ የቀረውን ሰው ሳይነካው ይጨርሳል። ፒኤክስኢ ይባላል። ማታ አብርቼው ሄጄ ጠዋት ስመጣ ላቡ አልቆ ይጠብቀኛል። እውነቱን ለመናገር ኮርቼበት ነበር።

ዘንድሮ መብራት ሄዶ ሲመለስ ኬብሎቹን ሁሉ የሚያገናኘው ስዊች ተቃጠለ። ከአንድ መሥሪያ ቤት የተወገደ ትልቅ ስዊች ተሰጠን። ቦታው ስለተቀየረ ለኋላዎቹ ሁለት ረድፎች የድሮው ኬብል አጠረ። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ የአይሲቲ ክበብ አባል፣ 18 ኬብል ቆርጣ ጫፍ ጫፉን በክሪምፐር ሠራችው። ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ፈጀባት።

ዓርብ ጭነቱን ጀመርኩ። ሰኞ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ፈተናውን በኮምፒውተር ለመውሰድ ልምምድ ሊጀምሩ ነው። ከመካከላቸው ማውዝ ይዘው የማያውቁ አሉ። ላቡ የግድ መድረስ አለበት።

የፊት ሁለት ረድፎች ተነሱ። የኋላዎቹ 18ቱም እምቢ አሉ። ጥቁር ስክሪን ላይ አንድ ደቂቃ ያህል ይቆዩና ፒኤክስኢ-ኢ51 የሚል ስህተት ያወጣሉ። «አድራሻ የሚሰጠኝ አላገኘሁም» ማለት ነው።

ከፊት የድሮ ኬብል፣ ከኋላ የእሷ ኬብል። በቃ፣ ለእኔ ነገሩ አለቀ። ሳልመረምር ጓደኞቿ ፊት «ኬብል መሥራት ቀልድ አይደለም፤ ካልቻልሽ አልችልም ማለት ነበረብሽ» አልኳት። «ቲቸር፣ ሁሉንም በቴስተር አይቼዋለሁ እኮ» አለች። አልሰማኋትም። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ቅዳሜ መጥቼ አራቱን ኬብል በራሴ እጅ ደግሜ ሠራሁ። ያው ነው። ሰርቨሩን አጥፍቼ አበራሁ። ያው ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እያልኩ ለሌላው የምመክር ሰው ሲመሽ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ጋ ደወልኩ። አሁን አዲስ አበባ ሰርቨሮች ላይ ነው የሚሠራው፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ሰርቨር በዚሁ መንገድ ይጭናል።

ስለ ኬብሉ ሳወራለት ቆይቶ «ቲቸር፣ ሰርቨሩ ጥሪውን ሰምቷል ወይ?» አለኝ።

«ታይም አውት ነው የሚለው» አልኩት።

«ታይም አውት ማለት እኮ 'ጠብቄ ጠብቄ ተውኩት' ማለት ነው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይናገርም። ጥሪው የት ድረስ እንደደረሰ እንይ።»

ሰርቨሩ ላይ ቲሲፒዳምፕ አስከፈተኝ፤ በኬብሉ የሚገባውን መልእክት ሁሉ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። የፊት ኮምፒውተር ሳስነሳ ጥሪው ይታያል፣ ሰርቨሩ ይመልሳል። የኋላውን ሳስነሳ ደቂቃው እስኪያልቅ ምንም የለም። ሰርቨሩ ዝም አላለም ማለት ነው፤ ጥሪው ራሱ አልደረሰውም። «አሁን የአንዱን ኬብል ከስዊቹ ይንቀሉና መልሰው ይሰኩት፤ መብራቱን እየቆጠሩ ይዩ» አለኝ። ብርቱካናማ ሆነ። ቆጠርኩ። 30 ላይ አረንጓዴ ሆነ። በስልኩ ሲስቅ ሰማሁት። «ተገኘ!»

ነገሩ ይሄ ነው። ኔትወርክ ውስጥ ኬብል ዞሮ ራሱ ላይ ከተገናኘ መልእክቱ ማለቂያ በሌለው ዙር ይሽከረከርና ሁሉን ያፍናል። ይህን ለመከላከል ራዲያ ፐርልማን የተባለች መሐንዲስ በ1985 እ.ኤ.አ. ስፓኒንግ ትሪ የሚባለውን ዘዴ ፈጠረች። በዚህ ዘዴ ስዊቹ አንድ ኬብል ሲሰካ ወዲያው አያሳልፍም። 15 ሰከንድ ያዳምጣል፣ 15 ሰከንድ ይማራል፣ ከዚያ በሩን ይከፍታል። የድሮው ርካሽ ስዊቻችን ይህ አልነበረውም፤ አዲሱ አለው።

አሁን ኮምፒውተሩን እንደ ተማሪ፣ ስዊቹን እንደ ትምህርት ቤት በር ቁጠሩት። በፒኤክስኢ ደንብ መሠረት ተማሪው አራት ጊዜ ያንኳኳል፦ እንደደረሰ፣ ከ4 ሰከንድ በኋላ፣ በ12ኛው፣ በ28ኛው ሰከንድ። ከመጨረሻው በኋላ 32 ሰከንድ ዝም ብሎ መልስ ይጠብቃል። በሩ የሚከፈተው በ30ኛው ነው! በሁለት ሰከንድ ተላለፉ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ እሱ ግን አያንኳኳም፤ 60 ሲሞላ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ለማረጋገጥ መሳቢያ ውስጥ የነበረች ትንሽ ባለ 5 ቀዳዳ ስዊች በአንዱ የኋላ ኮምፒውተርና በትልቁ ስዊች መካከል አስገባሁ። ኮምፒውተሩ ቢጠፋም ቢበራም ትንሿ ስዊች ከትልቁ ጋር ያላት ግንኙነት ስለማይቋረጥ በሩ እንደተከፈተ ይቆያል። ኮምፒውተሩ ወዲያው ተነሳ። በልጅቷ ኬብል።

መፍትሔው ኮምፒውተር በተሰካባቸው ቀዳዳዎች ላይ ፖርትፋስት የሚባለውን ማብራት ነው፤ አንዳንዱ ስዊች ኤጅ ፖርት ይለዋል። ስፓኒንግ ትሪን ጭራሽ እንዳታጠፉት። አንድ ተማሪ የኬብሉን ሁለት ጫፍ እዚያው ስዊች ላይ ከሰካው ላቡ በሙሉ ይቆማል።

በዚህ ሙያ ላላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ ሁለት ነገር ልጨምር። አንዳንዴ ኮምፒውተሩ አድራሻ አግኝቶ ጫኚው ከተነሳ በኋላ «ኔትወርክ የለም» ይላል። ጫኚው የኔትወርክ ካርዱን እንደገና ሲያስነሳ ያ 30 ሰከንድ ከዜሮ ሊጀምር ይችላል፤ ሰርቨሩን ከመፍታታችሁ በፊት ስዊቹን እዩ። ስህተቱ ኢ32 ከሆነ ደግሞ ሌላ ነው። አድራሻ አግኝቷል፣ ፋይሉ ነው ያልመጣው፤ የቲኤፍቲፒ አገልግሎቱንና ፋየርዎሉ ላይ የዩዲፒ 69 በርን ተመልከቱ።

እሑድ ማታ 36ቱም አለቁ። ሰኞ ጠዋት ዓርብ ዕለት በነበሩት ልጆች ሁሉ ፊት «18ቱም ኬብል ትክክል ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ሳልመረምር ፈረድኩብሽ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። አንገቷን ደፍታ «እሺ ቲቸር» አለች፤ ሌላ ምንም አልተናገረችም። ከክበቡ የቀረች መስሎኝ ነበር።

ሐሙስ መጣች። ስዊቹን አሳየኋት፣ በሩንና ማንኳኳቱን ነገርኳት። ዝም ብላ ሰምታ «ታዲያ የፊቶቹ ለምን ሠሩ? እነሱም እኮ በዚሁ ስዊች ነው የተሰኩት» አለች።

ዓርብ ዕለት እኔ መጠየቅ የነበረብኝ ጥያቄ ይሄ ነበር።

ፖርትፋስቱን ለአንድ ቀዳዳ አጥፍተን በስልኳ ሰዓት ለካን። የፊቶቹ አሮጌ ሞዴል ናቸው። መብራቱ ብርቱካናማ ከሆነ በኋላ 5 ሰከንድ ያህል ዘግይተው ነው ማንኳኳት የሚጀምሩት። ስለዚህ አራተኛው ጥሪያቸው በ33ኛው ሰከንድ አካባቢ፣ በሩ ከተከፈተ በኋላ ይደርሳል። በመዘግየታቸው ዳኑ። እሷ ናት ያገኘችው፤ ወረቀት ላይ ጽፋ ስዊቹ ላይ ለጥፋዋለች።