ያጠፋሁት ማስታወቂያ

የገምጋሚው ጥያቄ አንድ መስመር ነበር፦ «ይሄ ስሌት ከየት መጣ?»

መልሱን አውቀዋለሁ። ዜፊር ለሚባለው፣ ትንንሽ ቺፖች ላይ ለሚሠራው ኦፕን ሶርስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሙቀትና የእርጥበት ሴንሰር ድራይቨር እየጻፍኩ ነበር። የመጀመሪያዬ ስለሆነ ቸኩያለሁ። ከሴንሰሩ የሚወጣውን ጥሬ ቁጥር ወደ ዲግሪ የሚቀይረውን ፈንክሽን ከአምራቹ የናሙና ኮድ ላይ እንዳለ ገለበጥኩት። የቫሪያብሎቹን ስም ቀያየርኩ፤ ከላይ ያለውን የኮፒራይት ማስታወቂያ አጠፋሁና የራሴን ስም ጻፍኩበት፤ ከሥሩ «አፓቺ 2.0» የሚል የላይሰንስ መስመር ጨመርኩ።

ያጠፋሁትን ማስታወቂያ ያነበብኩት ከጥያቄው በኋላ ነው። ኮዱን መጠቀምም መቀየርም ይፈቅዳል፤ ግን አምራቹ ከሚሸጠው ቺፕ ጋር ብቻ። አፓቺ 2.0 ደግሞ እንዲህ ያለ ገደብ የለውም። የሌለኝን መብት ለሰው ሁሉ አድዬ ነበር ማለት ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ግቢ እያለን ዊንዶውሱም ሰርኪት የምንሠራበት ፕሮግራምም ክራክ ነበር፤ በፍላሽ ከዶርም ዶርም ይዞራል። ላይሰንስ ማለት «እስማማለሁ»ን ተጭኖ ማለፍ ነው። (አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን በቅጂ መብት እንደሚጠብቅ የሰማሁት ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው።) ያኔ ግን ስማችንን የትም አልፈረምንም።

እዚህ ፈርሜአለሁ። ኮሚቱ ግርጌ «ሳይንድ ኦፍ ባይ» ብዬ ስሜንና ኢሜይሌን አስፍሬአለሁ። ለወጉ ያህል መስሎኝ! ለካ ኮዱን ራሴ እንደጻፍኩት፣ ካልሆነም ለማስገባት መብት እንዳለኝ የማረጋግጥበት ፊርማ ነው። ሊኑክስ ይህን የጀመረው እንደ ፈረንጆቹ በ2004 ነው፤ ኤስሲኦ የተባለ ኩባንያ ኮዴ ሊኑክስ ውስጥ ገብቷል ብሎ አይቢኤምን በከሰሰ በዓመቱ።

የአምራቹ ፈቃድ እንደ ቢኤስዲ ክፍት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር፤ ማስታወቂያውን ሳይነኩ ማስገባት ነው። ዜፊር እንዲህ ያለውን የአምራች ኮድ በአብዛኛው ሞጁል በሚባል የተለየ ማከማቻ ያስቀምጠዋል። የእኔው ግን ዝግ ነው። የቀረኝ እንደ አዲስ መጻፍ ብቻ። የሬጂስተር አድራሻ፣ የቢት ቁጥር፣ ቀመሩ ራሱ የማንም አይደለም። ቀመሩ በኮድ የተጻፈበት መንገድ ግን የጻፈው ሰው ነው።

ሦስት ማታ ሞከርኩ። ዳታሺቱን ብቻ ከፍቼ እጽፋለሁ፤ ስጨርስ ሳየው ያው የእነሱ ኮድ ነው። ቅደም ተከተሉ ሳይቀር። አንዴ ያየሁትን እንዴት አላየሁም ልበል?

በመጨረሻ አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ።

«የዚህን ሴንሰር የናሙና ኮድ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላየሁም። ልክፈተው እንዴ?»

«በማርያም እንዳትከፍቺው!»

ዳታሺቱን ብቻ ላኩላት። ለገምጋሚው ከየት እንደገለበጥኩ ሳልደባብቅ ጻፍኩለትና ያስገባሁትን ራሴው ዘጋሁት። ላብ ያጠምቃል። መልሱ «ስለነገርከን እናመሰግናለን» ብቻ ነበር።

እሷ በሁለት ቀን ጨረሰችው፤ ከእኔው ያጠረ ነው፣ ትንሽ አናደደኝ። ድራይቨሩ በእሷ ስም ገባ። እኔ ከፊርማዋ በታች «ቴስትድ ባይ» የሚለው ጋ አለሁ፤ ሴንሰሩ ያለው እኔ ቤት ስለነበር።