ገንዳው ስለምን ባዶ ሆነ?



በማኅበራችን ጽሕፈት ቤት፣ ከመጻሕፍት መደርደሪያው አጠገብ የቆመውን የመስተዋት ገንዳ ያላየ አባል የለም። ውሃ ከተሞላ ዛሬ ሃያ ሦስተኛ ቀኑ ነው። በውስጡ የጨው ውሃ፣ አሸዋ፣ ጥቂት ድንጋይና አንድ ፓምፕ እንጂ ሌላ ነገር አይታይም። ባለፈው ስብሰባ አንድ አባል «መዋጮ የከፈልነው ውሃ ለማየት ነው ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ ሁሉም ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። አንዲት እኅት ደግሞ በራሷ ገንዘብ ዓሣ ገዝታ ልታመጣ ተነሥታ በብዙ ልመና ነው ያስቀረኋት። ገንዳውን የመጠበቅ ኀላፊነት የተሰጠው ለእኔ ስለሆነ መልስ መስጠት ይገባኛል። መልሱ ግን ከዚህ ክፍል አይጀምርም፤ ከጂዳ፣ ከካራንቲና ይጀምራል። ይህ ጽሑፍ እንደ ግለ ሂስ ይቆጠርልኝ።

ካራንቲና በጂዳ ደቡብ፣ በወደቡ አቅራቢያ የነበረች ሠፈር ናት። ስሟን ያገኘችው በባሕር ለሐጅ የሚመጡ መንገደኞች በሽታ ይዘው እንዳይገቡ ተለይተው ይቆዩበት ከነበረው ጣቢያ ነው። ቃሉ ጣሊያንኛ «አርባ» ከሚለው የወጣ ነው፤ ወረርሽኝ ካለበት አገር የመጣ መርከብ አርባ ቀን ሳይቆይ ሰው አያወርድም ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1865 መካ ላይ ኮሌራ ገብቶ ብዙ ሺህ ሐጃጆችን ከፈጀና ወደ ግብፅና ወደ አውሮፓ ከተዛመተ በኋላ፣ መንግሥታት በማግሥቱ ዓመት ቁስጥንጥንያ ላይ ተሰብስበው ስለ ሐጃጆች መንገድ መከሩ። በ1882 ደግሞ በቀይ ባሕር በካማራን ደሴት ላይ ትልቅ የሐጃጆች ማቆያ ተቋቋመ። እኛ የሠፈሩ ልጆች ይህን ሁሉ አናውቅም ነበር። ለእኛ ካራንቲና ማለት ጠባብ መንገድ፣ ሐበሻው፣ ናይጄሪያው፣ ቻዱና የመኑ ተደባልቆ የሚኖርባት፣ ኢቃማ ያለውም የሌለውም የሚጠጋባት ሠፈር ነበረች።

እኔ ከእናቴና ከአጎቴ ጋር እዚያ አደግሁ። አጎቴ የወሎ ሰው ነው፤ ተወልዶ ያደገው ሐይቅ ከተማ፣ ከውሃው ዳር ነው። በጂዳ ሰሜን በአንድ ባለጸጋ ግቢ ዘበኛም አትክልተኛም ሆኖ ይሠራ ነበር። በ2012 ባለቤቱ አራት መቶ ሊትር ያህል የሚይዝ ገንዳ አስመጣና ጥበቃውን ለአጎቴ ሰጠው። አጎቴ ማንበብ አይችልም። እኔ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር ከገንዳው ጋር የመጣውን የዐረብኛ መመሪያ የማንበቡ ሥራ ለእኔ ሆነ።

በመጀመሪያው ቀን ጨው በከረጢት ተገዝቶ ከቧንቧ በመጣ፣ ከተጣራ ውሃ ጋር ሲበጠበጥ አጎቴ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ይኸን ውሃ ከባሕር ቀድተው በስንት ወጪ ጨውን ያወጡለታል፤ እኛ ደግሞ ገዝተን እንመልስለታለን!» አለ። እውነቱን ነበር፤ የጂዳ የቧንቧ ውሃ በአብዛኛው ጨው የወጣለት የቀይ ባሕር ውሃ ነው።

በሳምንቱ ውሃው ጠርቶ እንደ መስተዋት ሆነ። አጎቴ ግን ደስ አላለውም። «አንተ ልጅ፣ ይኸ ገንዳ አራስ ነው። አራስ ቤት እንግዳ አይግተለተልም። አርባው ይውጣ» አለኝ። መመሪያውን እንዳነብለትም ጠየቀኝ። በመመሪያው ላይ «ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይጠበቅ» ተብሎ በግልጽ ተጽፎ ነበር። እኔ ግን ትምህርት ከመከፈቱ በፊት ዓሣዎቹን ማየት ፈለግሁ። ስለዚህ «ጥቂት ቀን ብቻ ነው የሚለው» ብዬ ተረጎምሁለት። አመነኝ።

በዘጠነኛው ቀን፣ ባለቤቱ በሰጠው ገንዘብ፣ ሁለት ቢጫ የቢራቢሮ ዓሣዎች፣ አራት ክላውንፊሽና አንድ ቅርንጫፋም ኮራል ገዝተን በአንድ ምሽት አስገባናቸው። በአሥራ አንደኛው ቀን ዓሣዎቹ ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው ያለከልኩ ጀመር። የራባቸው መስሎኝ ምግብ ጨመርሁ። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ሁሉም ሞተው አደሩ። ኮራሉ ነጣ፤ ቀድሞውንም የቢራቢሮ ዓሣዎቹ ሲለቃቅሙት ነበር።

ወገኖች፣ ምን እንደ ሆነ ዛሬ ባጭሩ ላስረዳ። ዓሣ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያስወጣል፤ የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ መርዝ ነው፤ የባሕር ውሃ ፒኤች ከ8 በላይ ስለሆነም መርዝነቱ ይበረታል። በድንጋይና በአሸዋ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አንዱ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ወገን ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት መጠኑ ካልበዛ ዓሣን አይጎዳም፤ የውሃውን ጥቂት እጅ በየጊዜው በመለወጥም ይቀነሳል። በአዲስ ገንዳ ውስጥ ግን እነዚህ ባክቴሪያዎች ገና አልተራቡም። ተራብተው ሥራውን እስኪችሉት ድረስ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። አርባ ቀን ማለት ነው። አጎቴ ፊደል ሳይቆጥር ከመመሪያው ጋር ተስማምቶ ነበር፤ በመካከላቸው የገባሁት እኔ ነኝ።

ሁለተኛው ስሕተቴ ኮራሉን እንደ ጌጥ ማየቴ ነው። የጂዳ አሮጌ ከተማ ቤቶች በኮራል ድንጋይ የተሠሩ ናቸው፤ የምጽዋም እንዲሁ። እኔም ኮራል ማለት ድንጋይ ይመስለኝ ነበር። ኮራል ግን እንስሳ ነው። በሥጋው ውስጥ ጥቃቅን አልጌዎችን አስጠግቶ ይኖራል፤ እነርሱ በብርሃን ምግብ ይሠሩለታል። ሙቀቱ ሲበዛበት ወይም የውሃው ጠባይ ሲለዋወጥበት አልጌዎቹን ያጣል፤ ያን ጊዜ ይነጣል፤ ሳይመለሱለት ከቆየም በረኀብ ይሞታል። ከቢራቢሮ ዓሣም ብዙው ዝርያ ኮራልን የሚበላ ስለሆነ ሁለቱን አብሮ ማስገባት በግን ከተኩላ ማሳደር ነው።

ባለቤቱ መጥቶ «ይኸን ያደረገ ማን ነው?» ሲል አጎቴ እኔን በክርኑ ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ «እኔ ነኝ» አለ። ዋጋው ከሁለት ወር ደመወዙ ተቆረጠ። ያ ገንዘብ ለኢቃማው ማሳደሻ ያጠራቀመው ነበር። ኢቃማው ሳይታደስ ቀረ። በኅዳር 2013 የምሕረቱ ጊዜ አልቆ አፈሳው ሲጀመር አጎቴም ተያዘ። በእነዚያ ወራት ከሳዑዲ ዐረቢያ ከተመለሱት ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን አንዱ ሆነ። የተመለሰው በዓሣዎቹ ምክንያት ብቻ ነው አልልም፤ ወረቀት ያላቸውም ብዙ ተንገላትተዋል። ቢሆንም ያን ወረቀት በትክክል አንብቤለት ቢሆን ኖሮ የሚለው ሐሳብ እስከ ዛሬ አልተወኝም። ካራንቲናም ብትሆን በ2021 መጨረሻ በተጀመረው የጂዳ ሠፈሮች ማፍረስ ከካርታው ተጠርጋለች። ይቅርታ ልጠይቅበት የምመለስበት ደጃፍ የለም።

አሁን ወደ ገንዳችን ልመለስ። ውሃ በሞላንበት ቀን ቁንጣሪ የዓሣ ምግብ ጣልሁበት፤ ለባክቴሪያዎቹ ስንቅ እንዲሆን ነው። በጠብታ እየመረመርሁ ውጤቱን ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ወረቀት እጽፋለሁ። አሞኒያው ከፍ ብሎ ነበር፤ አሁን ወርዷል። ናይትራይቱ ግን ገና አለ። ሁለቱም ባዶ ሆነው ሳይሰነብቱ ዓሣ አይገባም። በድንጋዩ ላይ የታየው ቡናማ ሽፋን ብዙዎች እንዳሉት ቆሻሻ ሳይሆን ዲያቶም የሚባል የአዲስ ገንዳ አልጌ ነው፤ በራሱ ጊዜ ይሄዳል። ውሃው ሲተን የሚጨመረው ጨው የሌለው ንጹሕ ውሃ ነው፤ ጨው አብሮ አይተንምና የጨው ውሃ ብንጨምር ጨዋማነቱ እየበረታ ይሄዳል።

አገባቡም በተራ ነው። በመጀመሪያ አልጌ የሚበሉ ጥቂት ቀንድ አውጣዎች። ቀጥሎ ሁለት ክላውንፊሾች። እነዚህም ሲመጡ ከጠረጴዛው ሥር ባለው ትንሽ ገንዳ ለብቻቸው አንድ ወር ያህል ይቆያሉ። ነጭ ነጥብ የሚባለው ጥገኛ በሽታ ካለባቸው እዚያው በመዳብ ይታከማሉ፤ መዳብ ኮራልንና ቀንድ አውጣን ስለሚገድል በዋናው ገንዳ ውስጥ ማከም አይቻልምና። ያች ትንሽ ገንዳ ስም ወጥቶላታል፤ ምን እንደ ሆነ አትጠይቁኝ። ወደ ዋናው ሲዛወሩ ከረጢታቸው ሃያ ደቂቃ ያህል ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ሙቀቱን እንዲለምዱ ነው። ከዚያ የገንዳው ውሃ ጥቂት በጥቂት ይጨመርላቸዋል። ከሳምንታት በኋላ ለስላሳ ኮራል ይከተላል። ድንጋይ የሚሠራው ኮራል ግን የካልሲየሙና የሙቀቱ መጠን ለወራት ሳይናወጥ ከቆየ በኋላ ነው።

ገንዳው የተሰጠን ዕለት ለአጎቴ ስልክ ደወልሁ። ዛሬ ሐይቅ ከተማ ትንሽ ሱቅ አለው። ስለ መመሪያው እውነቱን የነገርሁት ያን ዕለት ነው፤ ይህን ያህል ዓመት አፍኜው ኖሬአለሁ። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «አሁን ያለህበት አገር ይበርዳል፤ ውሃውን የምታሞቅበት አለህ ወይ?» ሲል ጠየቀኝ። አለኝ አልሁት። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እየደወለ ስንተኛ ቀኑ እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ እኔም ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አነብለታለሁ። አንድ ቁጥር አልዘልም።

ስለዚህ አባላትን የምለምነው ሁለት ነገር ነው፤ ማንም ምግብ አይጣል፤ ማንም ዓሣ ይዞ አይምጣ። አርባው ሲወጣ ሁላችሁም ተጠርታችኋል፤ ቡናው በእኔ ነው።