ባሕር አጠገብ ተቀምጦ ውሃ መግዛት

በማታው ትምህርት ላይ አንድ አባት እጃቸውን አነሡ። «ልጆቼ፣ እናንተ የምትማሩበት ከተማ ክረምቱ መቼ ነው የሚገባው?» ሲሉ ጠየቁን። «እዚያ ክረምት የለም ማለት ይቻላል፤ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ነው። ትንሽ ዝናብ የሚጥለው ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው» አልናቸው። እሳቸውም ጎረቤታቸውን ዞር ብለው አዩና «ታዲያ ሰዎቹ ምን ይበላሉ?» አሉ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ እኛም ሳቅን። ማታ ቤት ገብተን ስናስበው ግን ነገሩ የሚያስቅ አልነበረም። ሁለት ዓመት እዚያ ስንኖር እንዲህ ብሎ የጠየቀን ሰው የለም። ስለዚህ የዚህን ሳምንት ጽሑፍ ስለዚያች ከተማ አደረግነው። ዓመቶቹን የጻፍናቸው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ከተማዋ ሳንዲያጎ ትባላለች። በአሜሪካ አገር፣ በካሊፎርኒያ ግዛት፣ በደቡብ በኩል ጥጉ ላይ ነች። ከእሷ በስተ ደቡብ ሜክሲኮ የሚባል ሌላ አገር ይጀምራል። በስተ ምዕራብ ደግሞ ሰላማዊ ውቅያኖስ አለ። ውቅያኖስ ማለት ማዶው በዓይን የማይታይ ታላቅ ባሕር ነው። ውሃው ቢቀመስ ጨው ነው። ጣናን ያያችሁ ጣናን አስቡ፤ ከዚያ ደሴቶቹንም ማዶውንም አጥፉና ውሃውን ብቻ ተዉት።

እኛ ሁለት ተማሪዎች ነን። እዚያ የምንማረው በነፃ ትምህርት ዕድል ነው፤ እዚህ የመጣነው ደግሞ ለዕረፍት ነው። የምንማርበት ግቢ ላ ሆያ በሚባለው ሰፈር፣ ከባሕሩ በላይ ካለ ገደል አናት ላይ ይገኛል። የመጀመሪያው ቀን ከአውቶቡስ ስንወርድ የተቀበለን ሽታ የባሕር ሽታ አልነበረም፤ የባሕር ዛፍ ሽታ ነበር! ግቢው በባሕር ዛፍ የተሞላ ነው። እኛ አገር በአፄ ምኒልክ ዘመን የመጣው ይኸው ዛፍ፣ ካሊፎርኒያም የገባው ከአውስትራሊያ ነው። በዚያ አካባቢ ለባቡር ሐዲድ እንጨት ይሆናል ብለው ብዙ ተክለውት ነበር። እንጨቱ ግን ሲደርቅ እየተጣመመና እየተሰነጠቀ አስቸገራቸው። ምሰሶና ማገር አድርጎ ቤት መሥራቱን አያውቁበትም። ጉንፋን ሲይዘን ቅጠሉን ለቅመን፣ ቀቅለን፣ በእንፋሎቱ ታጠንን። አብረውን የሚኖሩት ልጆች «ምን ዓይነት ወጥ ነው የምትሠሩት?» እያሉ ወደ ማድ ቤት መጡ።

አሁን ስለ ኑሮው። እዚያ ከተማ ወደ ባሕሩ በተጠጉ ቁጥር የቤት ኪራይ ይወጣል። ባሕሩን በመስኮት ማየት ራሱ ዋጋ አለው። እኛ ከባሕሩ ራቅ ብለን፣ አራት ሆነን ሁለት መኝታ ክፍል ያለው ቤት ተከራየን። ኪራዩ በወር 3,600 ዶላር ነው። ለአራት ሲካፈል ለአንድ ሰው 900 ዶላር ይደርሳል።

ታዲያ ይህ ገንዘብ ከየት ይመጣል? ከሥራ ነው። ግን ከውጭ አገር የሄደ ተማሪ እንደፈለገው አይሠራም። በትምህርት ወራት በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ሕጉ ይከለክላል። ልዩ ፈቃድ ካላገኘ በቀር ሥራውም በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ መሆን አለበት። በ2025 በከተማው ዝቅተኛው የአንድ ሰዓት ክፍያ 17 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነበር። ለእኛም የሚከፈለን ይኸው ነበር። እስቲ አብረን እናስላው። ለ20 ሰዓት 345 ዶላር ይሆናል። በአራት ሳምንት 1,380። ከዚህ ላይ ኪራዩ ሲነሣ የሚቀረው 480 ነው። ከዚህም ግብሩ ይቀነሳል። በቀረው መብላት፣ መሳፈር፣ ስልክ መክፈል ነው። አገር ቤት ያለ ዘመድ ግን ዶላሩ የሚታፈስ ይመስለዋል። አንፈርድበትም፤ እኛም ሳንሄድ በፊት እንደዚያ ይመስለን ነበር።

ሥራችን በግቢው ምግብ ቤት ሰሐን ማጠብ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት እንገባና ከምሽቱ 1 ሰዓት እንወጣለን። ሰሐኑን የሚያጥበው መኪና ነው፤ እኛ ትርፍራፊውን እናራግፋለን፣ እንደረድራለን፣ ከወዲያ ሲወጣ እንቀበላለን። ሰሐኑ ሲወጣ ጣት ያቃጥላል። ሙቀቱና እንፋሎቱ የበጋ ቆላ ነው። ከግድግዳው ላይ አንዲት ጠባብ መስኮት አለች። በእሷ በኩል ባሕሩ እንደ ጥብጣብ ቀጭን ሆኖ ይታያል። በታኅሣሥ ፀሐይዋ 11 ሰዓት ሳይሞላ ባሕሩ ውስጥ ትገባለች። ሰዎች ይህን ለማየት ከሩቅ አገር ገንዘብ ከፍለው ይመጣሉ። እኛ በየቀኑ እናየዋለን፤ ነገር ግን በአንድ ዓይን ነው፤ በሌላው ሰሐን እንቆጥራለን።

እኛ ስንገባ ሥራ ጨርሰው የሚወጡ አንዲት የሜክሲኮ ተወላጅ እናት ነበሩ። የሥራ ፈቃድ አላቸው። የከተማውን ኪራይ ስላልቻሉት ግን ከድንበሩ ማዶ፣ ቲዋና በምትባለው የሜክሲኮ ከተማ ይኖራሉ። ሌሊት 9 ሰዓት ተነሥተው ድንበሩ ላይ ይሰለፋሉ። ከድንበሩ እስከ ግቢያችን የከተማ ባቡር አለ። መስመሩ እስከ እኛ ድረስ የተዘረጋው በ2021 ነው፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል። ያረረ ድስት ሳይፋቅ እንዴት እንደሚለቅ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። «ልጄ» በቋንቋቸው «ሚሆ» ነው፤ እኛን የሚጠሩን እንደዚያ ነበር።

አንድ ያልሆነ ሥራም ሠርተናል፤ አንደብቀውም። በሁለተኛው ዓመት ገንዘብ ሲያጥረን ከሁለታችን አንዳችን ከግቢ ውጭ፣ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ማታ ማታ ሠራ። ፈቃድ አልነበረውም። ባለቤቱ ሦስት ሳምንት አሠራውና «ነገ ና» ይለው ጀመር። ነገ ሲመጣ ደግሞ ነገ። በካሊፎርኒያ ሕግ ፈቃድ የሌለው ሠራተኛም ቢሆን የሠራበትን የመጠየቅ መብት አለው። እኛ ግን ብንከስ የተማሪነት ፈቃዳችን ይሰረዛል ብለን ፈራን። ባለቤቱም ይህን ፍርሃታችንን ያውቃል። ገንዘቡ ቀረ። በዚያ ወር ኪራዩን የከፈልነው ተበድረን ነው።

«ታዲያ ባሕሩ ውስጥ አልዋኛችሁም?» ትሉ ይሆናል። በሁለት ዓመት ውስጥ እግራችንን የነከርነው አራት ቀን ነው። ውሃው ይበርዳል። በባሕሩ ውስጥ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚወርድ ቀዝቃዛ ጅረት አለ። ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ነው ያልነውም ትንሽ ውሸት አለበት። በግንቦትና በሰኔ ጠዋት ጠዋት ከባሕሩ የሚነሣ ጭጋግ ከተማውን ይሸፍነዋል፤ ቀትር ሲደርስ ይገፈፋል። በዚያው በላ ሆያ ቋጥኝ ላይ የባሕር አንበሳ የሚባሉ እንስሳት ተጋድመው ፀሐይ ይሞቃሉ። ስማቸው አንበሳ ይሁን እንጂ ጩኸታቸው የውሻ ነው። በዚያ ሰፈር ኪራይ የማይከፍሉ እነሱ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም።

አሁን ወደ አባታችን ጥያቄ እንመለስ። በሳንዲያጎ በዓመት የሚጥለው ዝናብ 250 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ተጠራቅሞ ሜዳ ላይ ቢቆም አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። አዲስ አበባ ከዚህ አራት እጥፍ በላይ ታገኛለች። ስለዚህ ከተማዋ ውሃ የምትጠጣው ከሩቅ አስመጥታ ነው። በምሥራቅ በኩል ኮሎራዶ የሚባል ወንዝ አለ። ከወንዙ የሚነሣው ዋናው ቦይ 390 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ተራራ ሲገጥመው ውሃው በሞተር እየተገፋ ይወጣል። የዚህ ወንዝ ውሃ ሳንዲያጎ የደረሰው በ1947 ነው። በዚያው ወንዝ የሚጠቀሙ ኢምፔሪያል በሚባል ሸለቆ ያሉ ገበሬዎችም አሉ። በ2003 በተደረገ ስምምነት ከመስኖ ውሃቸው ከፍሎ ለሳንዲያጎ መሸጥ ተጀመረ። ለዚህ ሲባል ለብዙ ዓመታት ጦም ያደረ ማሳ ነበር። ባለመሬቱ ገንዘብ ይከፈለዋል። በቀን ሥራ የሚያድረው አራሚና ለቃሚ ግን ሥራው ቀረበት።

ባሕሩስ? የባሕር ውሃ አይጠጣም፤ ሰብልም ያደርቃል። ከ2015 ጀምሮ ግን ከከተማዋ በስተ ሰሜን፣ ካርልስባድ በተባለ ቦታ፣ የባሕርን ውሃ ከጨው የሚለይ ፋብሪካ ይሠራል። ነገሩ ጠላ እንደ ማጥለል ነው። ማጥለያው ግን እጅግ ጠባብ ስለሆነ ውሃው በራሱ አያልፍም፤ በከባድ ኃይል ይገፋል። ጨዉ ወደ ኋላ ይቀራል። በቀን ወደ 190 ሚሊዮን ሊትር ንጹሕ ውሃ ይወጣል። ያ ሁሉ መግፋት ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል፤ ስለዚህ ውሃው ውድ ነው።

እህሉ ከሌላ ቦታ፣ በመስኖ ከሚለማ አገር፣ በመኪና ይመጣል። በከተማዋ ዙሪያ ግን ገበሬ የለም አይደለም። ኮረብታው ላይ አቮካዶ ያለማሉ። ፎልብሩክ የምትባል የአቮካዶ አገር አለች። እሷና ጎረቤቷ ሬይንቦ «የውሃው ዋጋ ገደለን» ብለው፣ ከአካባቢው የውሃ ድርጅት ለመውጣት በ2023 ድምፅ ሰጡ፤ ወጡም።

ይህን ባለፈው ማክሰኞ ለአባታችን ስንነግራቸው ሌላ ጥያቄ አመጡ። «ውሃውን መግዛት ያልቻለው ገበሬ ዛፉን ምን ያደርገዋል?» አሉን። አንዳንዱ ግንዱን ከወገቡ በታች ይቆርጠዋል። ቅጠል የሌለው ዛፍ ብዙ ውሃ አይጠጣም። ጉቶውን ፀሐይ እንዳያቃጥለው ነጭ ቀለም ይቀቡታል። በአውቶቡስ ሲታለፍ ኮረብታው ላይ ነጫጭ ጉቶ ተደርድሮ ይታያል። ውሃ ሲያገኝ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ፍሬ እስኪሰጥ ግን ሁለት ሦስት ዓመት ይጠበቃል። አባታችን ራሳቸውን ነቀነቁና «እስከዚያ ባለቤቱ ሰሐን ያጥባል» አሉ።